«ካልታጠብኩ እረፍት የለኝም፤ ጭንቀቱን እንዴት ልቻለው?» – የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ብር ተቀባይና ከፋይ ሆኜ እሠራለሁ። ባለትዳርና የአንዲት የሁለት ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ከወለድኩ በኋላ የጀመረኝ ነገር ኑሮዬን እያበላሸው ነው። ብር ስነካ እጄ ላይ የሆነ ነገር የቀረ ይመስለኛል። ታይፎይድ ይዤ ገብቼ ልጄን አሳምማታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ አወልቃለሁ። እጄን እስከ ክርኔ በላርጎ እታጠባለሁ፣ ከዚያ እንደገና፣ አንዳንዴም በረኪና እጨምርበታለሁ። ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያጠራቀምነውን ጀሪካን የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር የምንጣላውም በዚህ ነው። እሱንም ‹ታጥበሃል?› እያልኩ አሰልችቼዋለሁ። አንድ ሐኪም ኦሲዲ የሚባል፣ የማይፈለግ ሐሳብ እያመላለሰ አንድን ድርጊት የሚያስደጋግም ሕመም እንደሆነ ነገረኝ። ‹ጭንቀቱን መልመድ አለብሽ፤ ሳትታጠቢ ቆዪ› አለኝና ወጣሁ። ሞከርኩ። ሰዓቴን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቻልኩም። እንዴት ነው የሚለመደው? ጸበልም ሄጃለሁ፤ ለጊዜው ይሻለኝና ይመለሳል። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጅ ይፈልጋል፣ እኔ ግን ፈራሁ። ልናገረው የሚያሳፍረኝ ሌላም ነገር አለ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄን ይዤ በረንዳ ላይ ስቆም ‹ብወረውራትስ?› የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ አልወጣም። ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከሁሉ የበለጠ እየጎዳሽ ያለው እሱ ይመስለኛል።

ስለ በረንዳው የሚመጣብሽ ሐሳብ ምኞትሽ አይደለም። ያው እጅ የሚያሳጥብሽ በሽታ ነው፤ በሌላ በኩል መጣ እንጂ። ኦሲዲ ሰው ከምንም በላይ የሚሳሳለትን ነገር መርጦ ይይዛል። ሃይማኖተኛውን ጸሎት ላይ በስድብ ሐሳብ ያሰቃየዋል። ጠንቃቃውን ሾፌር «ሰው ገጭተህ አልፈሃል» እያለ የመጣበትን መንገድ ያስመልሰዋል። እናትን ደግሞ በልጇ ይመጣባታል። ከወሊድ በኋላ ኦሲዲ መጀመሩ ወይም መባሱ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣብሽ አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽም እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማን እና ዴ ሲልቫ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለንደን ውስጥ ጤነኛ ሰዎችን ስለ ሐሳባቸው ጠየቁ። ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ «የማልፈልገው ሐሳብ ድንገት ይመጣብኛል» አሉ። ሰው ስለመጉዳት፣ ባቡር ፊት ስለመዝለል፣ ሰው መሐል አሳፋሪ ነገር ስለመናገር። የጤነኞቹና የሕሙማኑ ሐሳቦች ተደባልቀው ሲቀርቡ፣ ባለሙያዎች እንኳ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ተቸግረዋል። ልዩነቱ የሚታየው ሐሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። አንዷ እናት «ኧረ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብላ ልብሷን ማስጣቱን ትቀጥላለች። ኦሲዲ ያለባት እናት ግን ቀጥ ትላለች። «ለምን አሰብኩት? አደርገው ይሆን? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብላ ራሷን መመርመር ትጀምራለች። ምርመራው ደግሞ ሐሳቡን ይበልጥ ይጠራዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልለይልሽ። አንዲት እናት «ልጅሽን ጉጂ» የሚል ድምፅ ከሰማች፣ ልጇ ክፉ መንፈስ እንደሆነች ማመን ከጀመረች፣ ለቀናት ሳትተኛ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ራሷን ለማጥፋት ካሰበች፣ ያ ሌላ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ብቻዋንም መተው የለባትም። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ ይህ የለም። ያንቺን ሐሳብ አንቺው ትጸየፊዋለሽ፣ ታፍሪበታለሽ፣ ትሸሺዋለሽ።

ይህን አንድ ጊዜ ነገርኩሽ። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ይህን አንቀጽ እየከፈትሽ «እውነት አደገኛ አይደለሁም?» ብለሽ የምታነቢው ከሆነ ግን፣ ማንበቡ ራሱ እንደ እጅ መታጠቡ ይሆንብሻል። ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሺ ታይዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ያ ሐኪም የነገረሽ ስህተት አልነበረም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። «ቆዪ» አለሽ፤ እየቆየሽ ምን እንደምታደርጊ አልነገረሽም። አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሽ። ሰዓት ይዘሽ ቁጭ ብለሽ ጭንቀቱ እስኪሄድልሽ ጠበቅሽ። በየደቂቃው «ቀነሰ? አልቀነሰም?» እያልሽ ራስሽን ፈተሽሽ። በዚህ ዓይነት አሥር ደቂቃ መቆየት ራሱ ብዙ ነው፣ እውነቴን ነው። ማንም ሰው ደረቱን እያዳመጠ ቢቀመጥ ልቡ ሲመታበት ይሰማዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ብሩን ነካሽ። «በሽታ ይዤ ገባሁ» የሚል ሐሳብ መጣ። ጭንቀቱ ወጣ። ታጠብሽ። ቀለል አለሽ። እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። አእምሮሽ «ያዳነኝ መታጠቡ ነው» ብሎ መዘገበ። ነገ ያው ጭንቀት ሲመጣ «ታጠቢ» የሚለው ግፊት ከዛሬው ይጠነክራል። ባንክ ቤት ነሽና በሚገባሽ ልናገር፤ እያንዳንዱ መታጠብ ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ብድር ነው። ለአሥር ደቂቃ እፎይታ ትበደሪና ነገ ከነወለዱ ትከፍያለሽ። በዚህ መሐል ሳትታጠቢ ብትቀሪ ምን ሊሆን እንደነበር የማወቅ ዕድሉን አእምሮሽ አንድም ቀን አላገኘም።

ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ሕክምና ኢ.አር.ፒ. ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያስፈራሽን ነገር በፈቃድሽ ትጠጊዋለሽ፣ ከዚያ የሚያስገድድሽን ድርጊት ከማድረግ ትታቀቢያለሽ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ ባለሙያ ለንደን ውስጥ ስለ ሁለት ሕሙማን ያወጣው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ኦሲዲ የማይነቃነቅ በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። ማየር ሕሙማኑን የሚፈሩትን እያስነካ፣ ነርሶች አጠገባቸው ሆነው ከድርጊቱ እንዲታቀቡ ረዳቸው። ሁለቱም በጣም ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ጥናቶች ደግሞ «ታጠብ» የሚለው ግፊት ሰውየው ባይታዘዘውም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በራሱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታየ። ዛሬ ማንም ሰው በግድ ቧንቧ አይዘጋበትም። ሥራው የሚሠራው በሕመምተኛው ፈቃድ፣ በሕመምተኛው ፍጥነት ነው።

ቀድሞ ባለሙያዎች «ጭንቀቱ እስኪወርድ እዚያው ቆይ» ይሉ ነበር። በኋላ ካሊፎርኒያ ያለችው ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ ሌላ ነገር አሳዩ። ጭንቀቱ በዚያው ሰዓት ወረደም አልወረደም ወሳኙ እሱ አይደለም አሉ። ወሳኙ አእምሮ አዲስ ነገር መማሩ ነው፤ «የፈራሁት አልሆነም፤ ጭንቀቱም እያለ ልጄን አበላሁ፣ ሥራዬን ሠራሁ» የሚለውን። እኔ ለአንቺ የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱም አንቺ የወደቅሽው መውረዱን ስትጠብቂ ነው። ዛሬ ማታ ጭንቀቱ ሳይወርድልሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ቢያድር፣ እኔ እንደ ትልቅ ድል እቆጥረዋለሁ።

ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ወረቀት ያዢና ጻፊ፦ «ካልታጠብኩ ምን ይሆናል?» ሁለት መልስ ይወጣሻል። አንደኛው «ልጄ ትታመማለች» ነው። ሁለተኛው «እኔ አልችለውም፣ አብዳለሁ» ነው። የመጀመሪያውን ተዪው። በሱ አትፈትኚ። የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ማተኮሷ፣ ተቅማጥ መያዟ አይቀርም፤ ልጅ ነች። ያን ቀን ኦሲዲው «አላልኩሽም?» ሊልሽ ይመጣል። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ማታ መፈተን ትችያለሽ። አልችለውም ያልሽውን ቻልሽው ወይስ አልቻልሽውም? ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው። ልጅሽ በታመመች ቀን ደግሞ እንደማንኛውም እናት ሐኪም ቤት ውሰጃት። «ማክሰኞ የነካሁት ብር ይሆን?» የሚለውን ፋይል ግን አትክፈቺ።

ንጽሕና የምር አስፈላጊ በሆነበት አገር ነው የምንኖረው። ታይፎይድ አለ፣ ኮሌራም በየጊዜው ይነሳል። ስለዚህ ማንም ባለሙያ «አትታጠቢ» አይልሽም። የምንስማማበት ልክ ይኑር ነው የምልሽ። ከሥራ ስትገቢ አንዴ፣ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጪ፣ ምግብ ከመሥራትሽና ከመብላትሽ በፊት፣ ልጅሽን ከማብላትሽ በፊትና ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ። በሳሙናና በውሃ፣ 20 ሰከንድ ያህል፣ እስከ አንጓሽ። ታይፎይድን የሚከላከለው ይሄ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ለጭንቀቱ እንጂ ለጀርሙ አይደለም። በረኪና ደግሞ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይነካም። የተሰነጠቀ ቆዳ ራሱ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፤ እጅሽን ጠብቄ አድናለሁ ብለሽ እያጋለጥሽው ነው። ቫዝሊን ቀቢው፣ ካልዳነ የቆዳ ሐኪም ያየው። ልኩ ሲጠፋብሽ አጠገብሽ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራዋን ባልደረባሽን አስቢ። ጠንቃቃ ናት፣ ልጆች አሏት፣ ከሥራ ወጥታ ምን ታደርጋለች? አንዴ ትታጠባለች፣ ሻይ ትጠጣለች።

አካሄዱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ቅደም ተከተሉን የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከደብዳቤሽ ተነስቼ የሚመስለኝን ልበል። ምናልባት የቧንቧውን እጀታ በክርንሽ ትዘጊ ይሆናል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። በዚያ ጀምሪ። ታጥበሽ በመዳፍሽ ዝጊው፣ እንደገና አትታጠቢ። ያ ሲለምድ ከሥራ የመጣው ስልክሽን ሳትወለውዪ ሶፋ ላይ አስቀምጪው። ቀጥሎ ቦርሳሽን። ከዚያ አንድ ያረጀ የአሥር ብር ኖት አውጥተሽ በሁለት መዳፍሽ ዳብሺው፤ ያን እጅ ልብስሽ ላይ፣ ጸጉርሽ ላይ አሳርፊው፣ ከዚያ ቡናሽን አፍዪ። ከፍ ስትዪ ደግሞ የሥራ ልብስሽን በር ላይ ሳታወልቂ ገብተሽ ልጅሽን እቀፊያት። ሮጣ ስትመጣ «ቆይ፣ አትንኪኝ!» እያልሽ የምትመልሻት ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ሊመለስላችሁ የሚገባው ይሄ ነው።

አንዱን ደረጃ በየቀኑ ደጋግሚው። ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን እናትሽ ቤትም፣ ሥራ ቦታም። ጠዋትም ማታም። ደክሞሽም፣ ደስ ብሎሽም። አንድ ቦታ ብቻ የተማረ አእምሮ ሌላ ቦታ ይረሳል።

እሺ፣ እዚያ ጭንቀት ውስጥ ስትገቢ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ስሙን ጥሪው፤ «መጣ፣ ኦሲዲው ነው» በዪ፣ አንዴ። አትከራከሪው። «ብሩ ንጹሕ ነበር፣ ቆጣሪ ማሽን ውስጥ አልፏል» እያልሽ ማስረጃ አትደርድሪ። ክርክር ውስጥ ከገባሽ ሁሌም የሚያሸንፈው እሱ ነው፤ አንድ ጥርጣሬ ስትዘጊ ሌላ ይከፍታል። «ልጄ ትታመም ይሆን?» ሲልሽ መልስሽ ይህ ይሁን፦ «ልትታመም ትችላለች፣ ላትታመምም ትችላለች። አሁን ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።» ይህ መልስ መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ትክክል ነው፣ እንዲያባብሰው ነው። «ምንም አትሆንም» ብትዪ ለጊዜው ትረጋጊያለሽ፤ ግን ያ ማረጋገጫ ነው፣ ማረጋገጫ ደግሞ ሌላው መታጠብ ነው። ማንም እናት «ልጄ አትታመምም» የሚል ዋስትና የላትም። ሌሎቹ እናቶች ያለ ዋስትናው ይኖራሉ። አንቺም የምትለማመጅው ያለ ዋስትና መኖርን ነው።

ከዚያ ስሜቱን ተዪው ይቀመጥ። ደረትሽ ይጠብ፣ እጅሽ ይጣበቅ፣ ሆድሽ ይገላበጥ። የሚያስጠላ ስሜት ነው፤ ደስ እንዲልሽ ማንም አልጠየቀሽም። ግን ሥራሽን አታቁሚ። ልጅሽን አጫውቺ፣ እህትሽ ጋ ደውዪ፣ ልብስ እጠፊ። ስሜቱን ለማጥፋት ብለሽ ሳይሆን ማታሽ የአንቺ ስለሆነ። ብዙ ሰው «በረጅሙ ተንፍሺ» ይልሽ ይሆናል። መተንፈስ ክፉ አይደለም፤ ግን ጭንቀቱን ቶሎ ለማባረር የምትጠቀሚበት ከሆነ «ይህ ስሜት መቆየት የሌለበት አደገኛ ነገር ነው» ብለሽ ለአእምሮሽ እየነገርሽው ነው። ሰዓቱንም አውልቀሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ደቂቃ መቁጠር ለአንቺ መውጫ በር ሆኖብሻልና።

የተደበቁ መታጠቦችም አሉ፤ እነሱን ካልያዝሻቸው የላይኛው ሥራ ሁሉ ያፈሳል። መስኮትሽ ላይ ያለው ሳኒታይዘር አንዱ ነው። እጅን ቀሚስ ላይ ማሻሸት። ልጅን በጣት ጫፍ ብቻ መያዝ። ማታ ተኝቶ «ያቺ እርጥብ የነበረችው ብር የማን ነበረች?» እያሉ ቀኑን እንደ ፊልም ወደ ኋላ ማጠንጠን። ስለ ታይፎይድ ምልክቶች ስልክ ላይ መፈለግ። የልጅን ግንባር በየሰዓቱ መዳሰስ። ሰው አያያቸውም፤ አንቺ ግን ታውቂያቸዋለሽ።

ስለ ጸበልም ስላነሳሽ ልናገር። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ አብረው እንዲሄዱ የሚመክሩ አባቶችም ብዙ ናቸው። እምነትሽ ብርታት ይሰጥሽ ከሆነ ሂጂ። ግን እጅሽ ላይ የቀረ የሚመስልሽን ነገር ለማስለቀቅ ጸበሉን በላይ በላዩ የምታፈሺበት ከሆነ፣ ወይም ጸሎቱን «በትክክል አልወጣም» እያልሽ ከመጀመሪያው የምትደግሚው ከሆነ፣ ኦሲዲው እዚያም ተከትሎሽ ገብቷል። ያኔ ጸሎትሽን አንዴ አድርሺና እንደ ወጣ ተዪው። የሚያጠራጥርሽ ነገር ካለ የንስሐ አባትሽን አንዴ ጠይቂ። የሰጡሽን መልስ ያዢ፤ በማግስቱ ተመልሰሽ አትጠይቂ። ሙስሊም ታካሚዎቻችን ላይ ውዱእ እየደጋገሙ ሰላት ሲያልፍባቸው የምናየውም ያው በሽታ ነው።

ባለቤትሽን ይህን ጽሑፍ አስነብቢው። አሁን እሱ ሁለት ነገር እያፈራረቀ ያደርጋል፤ ወይ ይቆጣል፣ ወይ «አዎ ታጥቤያለሁ፣ ተረጋጊ» ይልሻል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ጀሪካኑን መደበቅም፣ መታጠቢያ ቤቱን መቆለፍም አይገባውም፤ አንቺ ያልፈቀድሽው መታቀብ ሕክምና ሳይሆን ጠብ ነው። የሚጠቅመው ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ መስማማት ነው። «‹ታጥበሃል?› ስልህ አትመልስልኝ» በይው። ያን ጊዜ የሚልሽንም አብራችሁ ምረጡ። ለምሳሌ፦ «ይህን ጥያቄ እንዳልመልስልሽ ተስማምተናል። እንደከበደሽ አያለሁ። ነይ ቁጭ በዪ አጠገቤ።» በዚያው ያቁም። አምስቴ ብትጠይቂው አምስቴ ያንኑ ይበል፤ ድምፁን ሳያነሳ። ይህ ለሚወድሽ ሰው ቀላል አይደለም። ስትጨነቂ እያየ ዝም ማለት ለእሱም ልምምድ ነውና ታገሺው። አማትሽና ጎረቤት ግን ሁሉን ማወቅ የለባቸውም። ከሰሙ «ኧረ ቻይው፣ እኛ ስንቱን ችለናል» ይሉሻል። በበጎ ነው የሚሉት፤ ግን ጥርስን ነክሶ መዋል ካንቺ ከሚጠበቀው ጋር አይገናኝም። ጥርስሽን ነክሰሽ ሌሊት ተነስተሽ ከታጠብሽ አእምሮሽ የተማረው ነገር የለም።

ትሸነፊያለሽ፣ አይቀርም። አንድ ቀን ደክሞሽ ገብተሽ ሦስቴ ትታጠቢያለሽ። ያኔ ማልቀስና «ዜሮ ገባሁ» ማለት አያስፈልግም። አንድ የምትሠሪው ነገር አለ፤ ተመልሰሽ ያንኑ ብር ንኪ። የታጠብሽውን አበላሺው። መታጠቡ ያመጣው እፎይታ ሥር ሳይሰድ ወዲያው ይቋረጣል። ይህን ማድረግ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ እኔ ግን ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም የምወደው ነው። ምክንያቱም የወደቅሽበትን ምሽት ራሱን ልምምድ ያደርግልሻል።

በረንዳው ላይስ? እሱን ብቻሽን አትጀምሪው፤ ከባለሙያ ጋር ይሁን። መንገዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ብቻሽን ወጥተሽ መቆም። ቀጥሎ ልጅሽ ቤት ውስጥ እየተጫወተች በሩ ተከፍቶ። ከዚያ እጇን ይዘሽ። ከዚያ አቅፈሽ፣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ከበረንዳው መከለያ ወዲህ ሆነሽ ታች ያሉትን ልጆች እያሳየሻት። ሐሳቡ ይመጣል። «መጣ» ትዪና ታች ያለውን ኳስ ታሳያታለሽ።

ሕክምናውን ለብቻሽ ልትጨርሺው እንደማትችዪ ግን እነግርሻለሁ፤ ስለከበደብሽ ሳይሆን አብሮሽ የሚያቅድና የሚያይ ሰው ስለሚያስፈልግ። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ በመሐሉ ያለውን የቤት ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ከከተማው ውጭ ላሉ አንባቢዎችም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ካገኘሽ «ለኦሲዲ ኢ.አር.ፒ. ይሠራሉ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። ነውር የለውም። ቁጭ ብሎ ማውራትና መጽናናት ብቻውን ለኦሲዲ አይበቃም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ማረጋገጫ የሚሰጥ ቀጠሮ በሽታውን ይመግበዋል።

መድኃኒትም አለ። ፍሉኦክሰቲን እና ሰርትራሊን በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዙት ናቸው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆመዋል። ለኦሲዲ ግን ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ የሚያስፈልገው መጠንም ብዙውን ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ይላል። የሚያዝልሽም፣ የሚያስቆምሽም ሐኪም ይሁን፤ በድንገት ማቋረጥ ያሳምማል። ጭንቀቱ ልምምዱን ለመጀመር እንኳ የማያስችልሽ ከሆነ መድኃኒቱ ያንን በር ይከፍትልሻል። ልጅሽ ገና ጡት የምትጠባ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

ሁለተኛ ልጅ ስለመውለድ። ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ ኦሲዲ የያዛት ሴት በሚቀጥለውም ሊመለስባት ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አሁን የማታውቂው ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሲመጣብሽ ስሙን አታውቂውም ነበር፤ ሁለት ዓመት ብቻሽን ተሸክመሽዋል። ስለዚህ አሁን መታከም ጀምሪ፣ ከማርገዝሽ በፊት የአእምሮ ሐኪምሽን አማክሪ፣ መድኃኒት ላይ ከሆንሽ ማርገዝሽን ስታውቂ በራስሽ አታቁሚው። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ የሚከታተልሽ ሐኪምም ይህን ታሪክሽን ይወቀው። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ባለቤትሽም አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ይህንን ጥያቄ እዚያው አንሱት። የበረንዳውንም ነገር አትደብቂ፤ ለመናገር ከከበደሽ ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ አትመሽ ስጫቸው።